አንደኛውን እንዳልሰማህ ሁን

እናቴ አዋሽ ከተማ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚበሉበት ምግብ ቤት አላት። እኔ ሰመራ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። በመካከላችን ከጠዋት እስከ ከሰዓት የሚያስኬድ መንገድና ከማንም ጋር የማይደራደር ሙቀት አለ። ስለዚህ የምንገናኘው በስልክ ነው። በስልክ ደግሞ እናቴ ያላት መልስ አንድ ብቻ ነው።

«ደህና ነሽ እማዬ?»

«አልሐምዱሊላህ! እጅግ ደህና ነኝ። አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ።»

ይህ መልስ በምንም አይለወጥም። አንድ ክረምት ጎርፍ ጓዳዋ ገብቶ ድስቶቿ ውኃ ላይ ሲንሳፈፉ ደህና ነበረች፤ ጎርፉን የነገረችኝ ጎረቤቷ ናት። ጉንፋን ይዟት፣ ድምጿ ተዘግቶ በሹክሹክታ ስታወራኝም ደህና ነበረች፤ የኔትወርክ ችግር ነው አለችኝ። እኔም ደህና ናት ብዬ ስልኩን ዘግቼ ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር። ከዚህ እንቅልፍ የቀሰቀሰኝ የሒሳብ ጥያቄ ነው። ይህን ስል ሒሳብ የምወድ እንዳይመስላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማስተርሴን ለመማር አመለከትኩ። ለመግባት ፈተና አለ፤ ከፈተናው ውስጥ ደግሞ «የመረጃ በቂነት» የሚባል ክፍል አለ። ስለ አንድ ሙሉ ቁጥር ይጠይቃችኋል፤ ለምሳሌ ተጋማሽ ነው ወይስ አይደለም ይላል። ከሥሩ ሁለት መረጃዎች ያስቀምጣል። ከዚያ መልሱን አይፈልግም! አንደኛው መረጃ ብቻውን ለመመለስ ይበቃል ወይ፣ ሁለተኛውስ ብቻውን ይበቃል ወይ፣ ወይስ የሚበቁት ሁለቱ ሲጣመሩ ነው፣ ወይስ ተጣምረውም አይበቁም፣ ይህን ብቻ ንገሩኝ ይላል።

እኔ ቶሎ የምነድ ሰው ነኝ። ይህን ከእኔ ቀድመው የሚነግሯችሁ ብዙ ሰዎች ስላሉ መደበቁ አይጠቅመኝም። መልሱን ካልፈለጋችሁት ለምን ጠየቃችሁ እያልኩ መጽሐፉን ብዙ ጊዜ ከጠረጴዛው ላይ ወርውሬዋለሁ። በኋላ ሳስበው ግን፣ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ለመወሰን የሚያስችል መረጃ አለን ወይስ የለንም እያልን ቀኑን ሙሉ ተከራክረን፣ ምንም ሳንወስን ሻይ ጠጥተን የተበተንባቸው ስብሰባዎች ትዝ አሉኝ። ለዚህ ፈተና ከእኛ የበለጠ የተዘጋጀ ሰው መኖር አልነበረበትም።

አብሮኝ የሚያጠና የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። የአሳይታ ልጅ ነው፤ አፋር፣ የውኃ ባለሙያ፣ በዕድሜ ትንሽ የሚበልጠኝ፣ ቀስ ብሎ የሚናገርና ቀስ ብሎ የሚያናድድ ሰው። እሱም ለዚያው ትምህርት አመልክቶ ነበር። በሙቀቱ ወራት መሥሪያ ቤቱ ቀትር ላይ ይዘጋና ፀሐይ ስትበርድ ይከፈታል። ሌላው ሰው ቤቱ ሄዶ ሲተኛ እኛ ቢሮ ቀርተን እናጠናለን። አለቃችን ትጋታችንን እያነሳ ሌሎቹን ይወቅስ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያስቀረን ኤሲው ነው። መብራት በጠፋ ቀን አንዳችንም ስለ ትምህርት ትዝ ብሎን አያውቅም።

ባልደረባዬ ቁጥር ይችላል። ከእኔ በጣም ይሻላል። ግን አንድ ነገር ላይ እንደ ግመል ተኛ፤ አልነሳም አለ።

አፋር ሁለት ሆኖ ሲገናኝ ሰላምታው ዳጉ ነው። አረፍ ተብሎ፣ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባላል። ያየውን «አየሁ»፣ የሰማውን «ከእገሌ ሰማሁ» ብሎ ለይቶ ያስረክባል። የተቀበለውም ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ፣ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ዝናብ የጣለበት ቦታ፣ የጠፋ ግመል፣ የታመመ ሰው፣ ሁሉም በዚህ መንገድ ይሄዳል። ስልክ በሁሉም ኪስ ከገባም ወዲህ ዳጉ ቦታውን አልለቀቀም፤ ባትሪ አያልቅበትም። በዚህ ያደገ ሰው የተነገረውን መጣል አይችልም። ዳጉ የሚጥል ሰው እነሱ ዘንድ ሰው አይባልም።

እንግዲህ ይህን ሰው ቁጭ አድርጌ ይህን ጥያቄ አነበብኩለት፦ «አንድ ሙሉ ቁጥር ለስድስት ያለ ቀሪ ይካፈላል ወይ? አንደኛ፣ ቁጥሩ ለሁለት ይካፈላል። ይበቃል?»

«አይበቃም» አለ ወዲያው። «አራት ለሁለት ይካፈላል፤ ለስድስት ግን አይካፈልም።»

«ጎበዝ። አሁን አንደኛውን እንዳልሰማህ ሁን። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ለሦስት ይካፈላል። ይህ ብቻውን ይበቃል?»

«በደንብ ይበቃል!»

«ዘጠኝስ?»

«ዘጠኝ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ዘጠኝ ለሦስት ይካፈላል፤ ለስድስት ግን አይካፈልም።»

«ዘጠኝማ ለሁለት አይካፈልም። ሰውዬው ቅድም ለሁለት ይካፈላል ብሎ ነግሮናል እኮ።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«አንደኛው።»

ለካ ለእሱ አንደኛና ሁለተኛ የተባሉት ዓረፍተ ነገሮች ተከታትለው የመጡ መንገደኞች ነበሩ። የመጀመሪያውን አስቀምጦ፣ ውኃ ሰጥቶ፣ ዳጉውን ተቀብሏል። ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያውን አላየሁትም ይበል?

«ለጥያቄው ስትል ብቻ እርሳው» አልኩት።

«ለጥያቄ ብዬ አልዋሽም» አለኝ።

ይህ ክርክር ሳምንታት ፈጀ። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ ሥዕል ሣልኩ። አንድ ቀን ሁለተኛውን መረጃ ከአንደኛው ቀድሜ አነበብኩለት። በጣም ደስ ብሎት ትክክለኛውን መለሰ፤ ከዚያ ወደ አንደኛው ስመለስ ሁለተኛውን አልረሳ አለ። እኔም እጄን ሰጥቼ ሻይ አዘዝኩ።

የእኔ ጉድ ደግሞ ሌላ ነበር። እኔ መረጃ ሲሰጠኝ የምሞክረው ጨዋ ጨዋ ቁጥሮችን ነው። ሦስት፣ አምስት፣ አሥር። ዜሮ ትዝ አይለኝም። ከዜሮ በታች ያሉትማ ጭራሽ ዘመዶቼ አይደሉም። አንድ ቀን ተራው የእሱ ሆኖ ጠየቀኝ፦ «ቁጥሩ ከዜሮ ይበልጣል ወይ? አንደኛ፣ ቁጥሩ በራሱ ሲባዛ ውጤቱ ከዜሮ ይበልጣል።»

«ይበቃል» አልኩ። «ሦስት ሲባዛ በሦስት ዘጠኝ። ከዜሮ ይበልጣል። አለቀ።»

«ኔጌቲቭ ሦስትስ?»

ኔጌቲቭ ሦስትም በራሱ ሲባዛ ዘጠኝ ነው፤ ያውም ፖዘቲቭ ዘጠኝ። ስምንተኛ ክፍል ተምሬዋለሁ። ባልደረባዬ ቀስ ብሎ ፈገግ ሲል መጽሐፉን ልወረውር እጄን ስሰድ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። ስልኬ ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ ክፍሉ ሙሉ ይሰማል።

«ደህና ነሽ እማዬ?»

«አልሐምዱሊላህ! እጅግ ደህና ነኝ። አጠናሽ? ፈተናው እስኪያልፍ አትምጪ፤ መንገዱ ይደክምሻል።»

ስልኩን ስዘጋ ባልደረባዬ ሻዩን እያማሰለ፣ «እናትሽ በራሷ ተባዝታ ነው የምትነግርሽ» አለኝ። «ውስጧ ምንም ይሁን ምን፣ በስልክ የሚወጣው ፖዘቲቭ ነው።»

ሳቅኩ። ከዚያ ስለ እናቴ እንዲህ በማለቱ ተናደድኩ። ከዚያ እንደገና ሳቅኩ፤ እውነቱን ነበርና። አትምጪ ያለችኝን ግን ያን ቀን ልብ አላልኩትም።

ትንሽ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ሎግያ ወርደን ሻይ እየጠጣን ነበር። የጅቡቲ መኪኖች መንገዱን ዳር ለዳር ይዘው ተሰልፈዋል። ከመካከላቸው አንድ አፋር ሾፌር ባልደረባዬን አይቶ መጣ፤ የቆየ ወዳጁ ነው። እኔን አያውቀኝም። ተቀመጡና ዳጉ ተጀመረ። አዋሽ ስላደግሁ አፋርኛ እሰማለሁ፤ ስናገር ግን ስለሚስቁብኝ ዝም ብዬ ሻዬን ያዝኩ።

ሾፌሩ ከአዋሽ ጀምሮ ያለውን ሁሉ አወረደ። ገዋኔ ላይ ዝናብ ጥሏል፤ አይቷል። ሚሌ ኬላ ላይ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ቆሞበታል። የእገሌ ግመል ወልዳለች፤ ሰምቷል። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰና አዋሽ ላይ ሁልጊዜ የሚበላበት ቤት ሻይ ጨው ጨው እንደሚል ተናገረ። ከመንገዱ ዳር ያለው፣ የወሎዬዋ ሴትዮ ቤት አለ። ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ባልደረባዬ ዝም በይ ብሎ በዓይኑ ጠቀሰኝና፣ «ቀመስክ ወይስ ሰማህ?» ሲል ጠየቀው።

«ቀመስኩ። ስኳር መስሏት ጨው ጨምራበታለች።»

«ሌላስ?»

«ሴትዮዋ ለዓመታት ታውቀኛለች። ፊቷ ቆሜ ዝም ስል እንደ እንግዳ ሰው አስተናገደችኝ። ከተናገርኩ በኋላ ነው በስሜ የጠራችኝ።»

ሾፌሩ ወደ መኪናው ሲሄድ እኔ ጥብቅና ቆምኩ። ሻዩ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም አልኩ። እናቴ ወሎዬ ናት፣ ቡና በጨው ጠጥታ ያደገች ናት፣ ሻዩንም ሞክራው ይሆናል። የሾፌሩም ነገር ብቻውን አይበቃም፤ ጢሙን በቅርቡ እንደተላጨ ከፊቱ ያስታውቃል፣ እኔ ራሴ ብሆን ላላውቀው እችል ነበር። አንደኛው አይበቃም፣ ሁለተኛው አይበቃም። መጽሐፉ እንደሚያዝዘው እያንዳንዱን ለብቻው መርምሬ ጣልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በትክክል ሠርቼ አላውቅም።

«ሁለቱ ባንድ ላይስ?» አለኝ ባልደረባዬ።

ብርጭቆዬን መልሼ አነሳሁ።

«ሌላም አለ» አለ። «በረመዳን የነገርሽኝ። እናትሽ ተች ስልኳን ለሠራተኛዋ ሰጥታ ባለ ቁልፍ ስልክ ገዛች ብለሽ ስትስቂ ነበር። ተች ስልክ ለሥራ ፈት ነው አለች ብለሽ።»

እኔ ራሴ ረስቼው ነበር። ለሳቅ ያወራሁትን ወሬ ይህ ሰው ተቀብሎ፣ አስቀምጦ፣ ወራት ሙሉ ሳይጥለው ይዞት ኖሯል። መርሳት እንዲለምድ ስለምነው የከረምኩት ሰው።

«ዓይኗ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ፈራሁ። እናቴ ሌላ ሰው የላትም፤ እኔም ሌላ ሰው የለኝም። ያ ምግብ ቤት ደግሞ ያሳደገኝ ብቻ አይደለም፣ ቀጥ አድርጎ ያቆማት እሱ ነው። ባልደረባዬ ይህ ሁሉ ገብቶታል መሰል አልቀለደም። «ሄደሽ እዪ» አለኝ ብቻ። «በሰማሽው እንዳትጨቃጨቂያት። መጀመሪያ እዪ።»

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ አዋሽ ሄድኩ። ለእናቴ አልደወልኩም። ከሰዓት በኋላ ከአውቶቡሱ ወርጄ፣ ሾፌሩ እንዳደረገው፣ በሯ ላይ ቆሜ ዝም አልኩ። እናቴ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ ፊት ለፊት አየችኝ። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው።

«ይግቡ፣ ይግቡ» አለች በፈገግታ። «ሩዝ አለ፣ ስፓጌቲ አለ፤ ሥጋውም ደርሷል።»

እናቴ እኔን አንቱ አለችኝ። በመጨረሻ «እማዬ» ስል ክው ብላ ቀረች። ግን እናቴ እናቴ ናት፤ ወዲያው ነቃች።

«አውቄሻለሁ እኮ! ልቀልድብሽ ብዬ ነው። እንግዳ ሆነሽ ስትቀሪ እንደ እንግዳ ላስተናግድሽ ብዬ!»

አቅፋኝ ስትስቅ እኔም ሳቅኩላት። ማልቀሴን ጓዳ ገብቼ ነው የጨረስኩት። እዚያ ያገኘኋት አስተናጋጇ ነገሩን አስረዳችኝ። እናቴ ጓዳው ውስጥ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቦታ ሰጥታለች፤ ጨው በዚህ፣ ስኳር በዚያ፣ ማንኪያ ከግድግዳው ሥር። ነካ አድርጎ ያዛወረ ሰው ወዮለት። በዚያ ሰሞን አስተናጋጇ መደርደሪያውን ስትጠርግ ሁለቱን ጣሳዎች አቀያይራ መልሳቸዋለች፤ ሻዩ ጨው የበላው በዚህ ነው። እናቴ ድሮም ማስታወሷ ጉድ ነው። ጠረጴዛ ሙሉ ሾፌር የየራሱን ሲያዝዝ አንድም ሳትጽፍ፣ አንድም ሳታሳስት ለየባለቤቱ ታደርሳለች። ዓይኗ ሲደክም ሥራውን በሙሉ ለማስታወሷ አስረክባ ነበር።

«ሐኪም እንሂድ» አልኳት ማምሻውን።

«ምን ሆኜ?»

«ዓይንሽ።»

«ዓይኔ ምን ሆነ? ወላሂ ካንቺ የተሻለ ነው የማየው። አንቺ ሂጂና ፈተናሽን ተፈተኚ።»

ስንጨቃጨቅ ቆየን። በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዓይኗ የጠፋ ሴት ያበሰለችውን ማን ይበላል?» አለች። ይህን ያህል እውነት ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች፤ ወዲያው መልሳ ዋጠችው። «ሂጂ ካልሽ እሄዳለሁ። ሄጄ ግን ሐኪሙ ፊት አሳፍርሻለሁ!»

አዳማ ወስጄ ዓይን ሐኪም ቤት አስገባኋት። መጀመሪያ የተቀበለችን ነርስ ናት። ግድግዳው ላይ ባለ ሦስት እግር ምልክቶች የተደረደሩበት ሰንጠረዥ አለ፤ ከላይ ትልልቅ፣ ወደ ታች እያነሰ የሚሄድ። ነርሷ በዘንግ እያመለከተች፣ እግሮቹ ወዴት እንደዞሩ በእጅዎ ያሳዩኝ አለቻት። መጀመሪያ የእናቴን ግራ ዓይን ሸፈነች። እናቴ በቀኝ ዓይኗ አንገቷን እያሰገገች፣ ዓይኗን እያጠበበች፣ ቀስ እያለች አመለከተች፤ ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ግራ። ትልልቆቹን አገኘቻቸው፤ ትንንሾቹ ላይ ቀረች።

ቀጥሎ ቀኙ ተሸፈነ። አሁን በግራው ብቻ ነው። እናቴ ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ግራ ብላ ጨረሰች። አንገቷን አላሰገገችም፤ አላጠበበችም፤ ዘንጉ እስኪደርስም አልጠበቀች።

«ማሻአላህ እናቴ! ግራው እንዲያውም ይሻላል» አለች ነርሷ፣ ልትጽፍም እስክሪብቶዋን አነሳች። እናቴ አሸነፍኩሽ ብላ ፈገግታዋን ወደ እኔ ላከች። ፈገግታው የደረሰው በሩ ጋ ነው፤ እኔ ከዚያ ተነስቼ ሌላ ቦታ ተቀምጬ ነበር።

ያኔ ገባኝ። ሳምንታት ሙሉ ስጨቃጨቅበት የከረምኩት ስሕተት ፊቴ ቁጭ ብሎ ነበር። አንደኛው ዓይን የነገራትን ይዛ ለሁለተኛው እየመለሰችለት ነው። የሾፌሮቹን ትዕዛዝ የምትይዝበት ጭንቅላት ያን ሰንጠረዥ በአንድ ዙር ሸምድዶታል። መሳቅም መጮህም አማረኝ።

«ይቅርታ» አልኩ ነርሷን። «ሰንጠረዡን ይቀይሩልን። ግራው ብቻውን የሚያየውን ነው የምንፈልገው።»

ነርሷ አንዴ እኔን፣ አንዴ እናቴን አየችና ሌላ ሰንጠረዥ ሰቀለች። ዘንጓን ትልቁ ምልክት ላይ አደረገች። እናቴ እጇን አነሳች። እጇ አየር ላይ ቆመ። ወደ ላይ አልሄደም፣ ወደ ታች አልሄደም፣ ወደ የትም አልሄደም።

«አላየውም» አለች እናቴ።

እኔ እስከዚያ ቀን ከእናቴ አፍ «አልችልም» የሚመስል ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ማሸነፍ ፈልጌ ነበር፤ አሸነፍኩ፤ ምንም ደስ አላለኝም። ሄጄ አየር ላይ የቀረውን እጇን ያዝኩት። እሷም አጥብቃ ያዘችኝ።

ሐኪሙ በመብራት አይቶ የዓይን ሞራ ነው አለን። ግራው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል፣ ቀኙም ጀምሮታል፤ በቀዶ ጥገና ይወጣል፣ ደግሞም ቶሎ ነው የሚሻለው። እናቴ ቀጠሮ ሲሰጣት ነፍሷ ተመለሰችና ውል አስገባች። «መጀመሪያ የሷ ፈተና፣ ከዚያ የኔ ዓይን። ካልሆነ አልጋው ላይ አልወጣም።» ሐኪሙ ሳቀ። እኔ ከእሷ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው አላየሁምና ተስማማሁ።

ሰመራ ስመለስ ባልደረባዬ ቁጭ አደረገኝ። ውኃ ሰጠኝ። «ምን አየሽ?» አለኝ። እኔም በሥርዓቱ፣ ያየሁትን «አየሁ»፣ ከአስተናጋጇ የሰማሁትን «ሰማሁ» እያልኩ አንድም ሳልቀንስ አስረከብኩት። ሰንጠረዡ ላይ ስደርስ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «እናትሽ አፋር ናት!» አለ። ከዚያ ሳቁን አቆመና መጽሐፉን ስቦ፣ አንደኛው መረጃ ላይ መዳፉን ጫነበት። ሁለተኛውን ብቻ አነበበ።

«ለካ እርሳ ማለትሽ አይደለም» አለ በመገረም። «ሸፍነው ማለትሽ ነው። ታዲያ መጀመሪያ እንዲህ ብለሽ አትነግሪኝም?»

ሳምንታት ሙሉ ምን ስል እንደከረምኩ ልነግረው አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

ፈተናውን ተፈተንን። እሱ አዳራሹ ውስጥ በመዳፉ ወረቀቱን እየሸፈነ ሲሠራ ተቆጣጣሪዋ የሚኮርጅ መስሏት ሁለት ጊዜ መጥታ ቆማበታለች። ሁለታችንም አለፍን። እሱ በጥቂት ነጥብ በለጠኝ። እኔ ዜሮ ተጋማሽ ቁጥር መሆኑን ረስቼ አንድ ጥያቄ ሳትኩ፤ ይህን ከነገርኩት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሰላም ሲለኝ «ዜሮ ደህና ነው ወይ?» ይለኛል። ባልነገርኩት ይሻለኝ ነበር፤ እሱ እንደሆነ አይረሳም።

ከዚያ የእናቴ ተራ ደረሰ። ግራ ዓይኗ ታከመ፤ በማግስቱ ፋሻው ሊነሳ ነርሷ ጋ ገባን። ያው ክፍል፣ ያችው ነርስ። ፋሻውን አንስታ፣ ዓይኗን በጥጥ ጠርጋ፣ ቀኙን ሸፈነችና ዘንጓን አነሳች። እናቴ ቢስሚላህ ብላ ጀመረች። ታች፣ ግራ፣ ላይ፣ ላይ፣ ቀኝ። ልክ ነው፤ ግን ፈጠነብኝ። እኔ ደግሞ አሁን የዋዛ ሰው አይደለሁም። በቀኝ ዓይኗ ቀድማ ሸምድዳው ይሆናል ብዬ፣ ሰንጠረዡን ይቀይሩልን ለማለት እጄን አነሳሁ።

እናቴ እጅ ሳነሳ አይታ ዞረች። በዚያ በአንድ ዓይኗ ትክ ብላ አየችኝ።

«ሽበት አውጥተሻል እንዴ?» አለች።

«የት?»

«ከጆሮሽ በላይ። በዚህ በኩል።» ጣቷን ዘርግታ፣ ከሻሼ የሾለከውን ፀጉር ነካችው። ሳትዳብስ፣ ሳትፈልግ፣ በአንዴ ነካችው። «ሳላይሽ አደግሽ፣ ልጄ። መቼ ነው ይሄ ሁሉ የሆነው?»

እኔ ሽበት እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ ለእሷም ማንም አልነገራትም። ቀኝ ዓይኗ በነርሷ እጅ እንደተሸፈነ ነው። ያነሳሁትን እጄን አወረድኩ። ግራ ዓይኗ ብቻውን በቂ ነበር።